ሰባ አንድ በመቶ

ማኅበራችን ገዛ አንድ ላፕቶፕ አዲስ፣
ላስቲኩ ያልተላጠ፣ እንደ ሙሽራ ልብስ፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ከአምባዛ፣ ከቆሮሶ
ሳንቲም በሳንቲም ላይ ተለቃቅሞ፣ ደርሶ።

ከፈትኩት፤ በራልኝ። በረዶ የለበሰ
የማላውቀው ተራራ ፊቴ ላይ ፈሰሰ።
ግን ከዩኒየኑ መረብ ግባ ስለው ሸሸ፤
ገመዱን ብቀይር፣ ብለምነው፣ መሸ።
ከመረብ የሚሸሽ ዓሣ ብቻ መስሎኝ
ሃያ ዓመት ኖሬ፣ ዛሬ ማሽን ሞኝ
አደረገኝ።

በማግስቱ በሻርፕ፣ እንደ ሕፃን ጠቅልዬ፣
ከመናኸሪያው ጀርባ፣ «ታሟል፣ እይው» ብዬ
ባራሳ ጋ ሄድኩኝ። መነጽሩን ሰቅሎ
ሁለት ቁልፍ ነካና «አልታመመም» ብሎ
ሳቀ። «እትሙ የቤት ነው፣ ትርፌ። የቤት።
ፊልም ያሳይሻል፣ ጌም አለው፣ ፎቶ ይደረድራል፤
ለመሥሪያ ቤት መረብ ግን በሩን አልሰጡት።
ሌላ እትም አለ፣ የሥራ። እሱን እንጫንበት።»

የቤት ናት።
እንዲህ ነበር ያኔ እኔንም ያሉኝ፣
አሞራ ገደል ላይ፣ መዝገብ ሲነፍጉኝ።
(ያሉት ሁሉ ዛሬ እኔ ፊት ይፈርማሉ።)

«ልጫን?» አለ። እኔ የማውቀው ጭነት
የጀልባ ነው፣ የአህያ፣ የአይሱዙ፣ የሴት።
«የምታስቀምጪው አለ?» አለ፣ ሳይጠርገው።
የትናንት ልጅ ምን አለው? ምንም የለው።
«ተራራውን» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤
«ታቦር እያለልሽ?» በመስኮት አሳየኝ።

ፍላሹን ሰካበት። ጨለመ፤ ሰማያዊ ሆነ፤
ቁልፍ ጠየቀው፤ ቁልፉ በቁልፍ ተጫነ፣
ሃያ አምስት ጊዜ፣ ከደብተር እያየ።
የገዛ ሸሚዙ ግን ሁለት ቁልፍ የለውም፤
ይህን ስታዘብ መቶኛው አይቆምም፦
አሥር። ሃያ ሁለት። አርባ ዘጠኝ። ስድሳ።
ሰባ አንድ ሲል
መብራት ሄደ።

ባትሪው አራት በመቶ። የባራሳ ፊት ተለወጠ።
«መሀል ላይ ከሞተ የቤትም አይሆን፣ የሥራም፤
ዕቃ ነው የሚሆነው።»
ገመዱን ተብትቦ መንገዱን አቋረጠ፤
ባጃጅ ጮኸበት፤ አንዱ ስድብ መረጠ።
የሻሚል ጸጉር ቤት ጄኔሬተር አለ፤
ሶኬቱ አንድ ነው፤ መላጫውን ነቀለ።
ወንበሩ ላይ ያለው፣ ጢሙ ግማሽ የሄደ፣
እያየኝ፣ እያየሁት፣ ደቂቃው ነጎደ።
ሁለታችንም ሰባ አንድ ላይ ነበርን።

ከመብራቱ ምሰሶ አናት አባ ኮዳ ቆሞ፣
ጡረታው የዘገየበት ሽማግሌ ይመስላል፣ ደክሞ።

በዚያ ጥበቃ ውስጥ ዱካሌ ትዝ አለኝ።
ተራ ቁጥር አሥራ አራት። አምና በሐምሌ፣ በነፋስ።
ጀልባው ተመለሰ።
መረቡም ከነዓሣው ተመለሰ።
ኦዲተሩ «ሰርዢው» ይላል፤ «ሙት ድርሻ የለውም።»
እኔ ደግሞ እላለሁ፦ አሥራ አራትን ብሰርዝ
አሥራ አምስት ማን አጠገብ ይቆማል?

ሰማንያ። ዘጠና ሦስት።
ራሱን አጥፍቶ፣ ራሱ በራ።
ተራራው የለም። ሰማያዊ ሜዳ ብቻ።
«ማን ልበል?» አለ ማሽኑ።
«ትርፌ» ብዬ ጻፍኩ፣ በሁለት ጣቴ።

ባራሳ ሦስት መቶ አለ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰጠሁት።
ሻሚል «ለመብራት አልቀበልም» አለ፤
መላጫው ተመልሶ መጮህ ጀምሯል።

ቢሮ ወስጄ ከመረቡ አገናኘሁት።
ገባ። ምንም ሳይል ገባ፣
እንደ ቤቱ።

አሮጌውን መዝገብ ጎኑ ዘረጋሁና
ከአንድ አልጀመርኩም።

አሥራ አራት፦ ዱካሌ ላላሞ።
ድርሻ፦ አለ።
ፊርማ፦